ዳኛው ያላየው ጥፋት

ጨዋታ የሰው ልጅ ዕረፍት ነው ይባላል። ነገሩን ጠጋ ብሎ ላየው ሰው ግን ጨዋታ ያለ ሕግ ጨዋታ አይሆንም፤ ሕግ ያለበት ቦታ ደግሞ ሙግት አይታጣም። ልጆች በመንደር ውስጥ ብይ ሲጫወቱ እንኳ ብዙ ጊዜ ከጨዋታው ክርክሩ ይረዝማል። ስለዚህ የሰውን ጠባይ ለማወቅ የሚፈልግ ሁሉ የፍርድ ቤቱን መዝገብ ብቻ ሳይሆን የጨዋታውንም ደንብ ቢመረምር ጊዜው በከንቱ አይጠፋበትም እላለሁ።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ከጨዋታዎች ሁሉ ልቤን የማረከው በአገራችን ብዙ ተጫዋች የሌለው፣ ስኑከር የሚባለው የእንግሊዞች ጨዋታ ነው። በከተማችን ከረንቡላና ፑል የሚያውቅ ጐልማሳ ሞልቷል፤ ሙሉው የስኑከር ጠረጴዛ ግን ርዝመቱ 12 ጫማ፣ ወርዱ 6 ጫማ ያህል ስለ ሆነ አንዱን ለማስቀመጥ ብቻ ሰፊ ሳሎን ይፈጃል። እኔም ብሆን ጨዋታውን የማውቀው በእጄ ሳይሆን በዓይኔ ነው። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በነበርኩበት ጊዜ ከጓደኞቼ ጋር በቴሌቪዥን ማየት ጀመርኩ፤ ከዚያም ደንቡን ፈልጌ እንደ ልብ ወለድ አነበብኩት። ብዙ ሰው ጨዋታውን ይወድና ደንቡን ይሰለቻል፤ እኔን ግን ከጨዋታው ይልቅ ደንቡ አስገረመኝ።

ጨዋታው የተወለደው በእንግሊዝ አገር ሳይሆን በህንድ ነው። በ1875 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በጀበልፑር ከተማ የሰፈሩ የእንግሊዝ መኰንኖች በቢሊያርድ ጠረጴዛ ጊዜያቸውን ያሳልፉ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ኔቪል ቼምበርሌን የሚባል ወጣት፣ ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆነው ሰው ጋር በስም ብቻ የሚገናኝ፣ በነበሩት ኳሶች ላይ ሌሎች ባለ ቀለም ኳሶች ጨመረ። ስኑከር የሚለው ቃል በዚያን ጊዜ በውልዊች ወታደራዊ አካዳሚ ለአዲስ ገቢ ተማሪ የሚሰጥ የቀልድ ስም ነበር፤ እኛ በኮሌጅ «ፍሬሽ» እንደምንለው ማለት ነው። አንዱ መኰንን ቀላል ኳስ በሳተ ጊዜ ቼምበርሌን በዚህ ስም ቢሰድበው፣ ስድቡ ለጨዋታው ስም ሆኖ ቀረ ይባላል።

ለማያውቀው አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። በአረንጓዴ ጨርቅ በተሸፈነው ጠረጴዛ ላይ 22 ኳሶች አሉ። አንዱ ነጭ ነው፤ ተጫዋቹ በእንጨቱ ጫፍ የሚመታው እርሱን ብቻ ነው። አሥራ አምስቱ ቀይ ናቸው፤ እያንዳንዱ 1 ነጥብ ያስገኛል። ስድስቱ ደግሞ ልዩ ልዩ ቀለም አላቸው፤ ቢጫው 2፣ አረንጓዴው 3፣ ቡናማው 4፣ ሰማያዊው 5፣ ሮዙ 6፣ ጥቁሩ 7 ነጥብ ነው። ተጫዋቹ መጀመሪያ ቀይ፣ ቀጥሎ የወደደውን ባለ ቀለም፣ እንደ ገና ቀይ እያለ ወደ ቀዳዳው ያገባል። ቀዩ አንድ ጊዜ ከገባ አይመለስም፤ ባለ ቀለሙ ግን ቀዮቹ እስኪያልቁ ድረስ ከቀዳዳው እየወጣ ወደ ቦታው ይመለሳል። በመጨረሻም ስድስቱ በዋጋቸው ተራ ከቢጫው እስከ ጥቁሩ ይገባሉ። የሳተ ወይም ያጠፋ ተራውን ለባላጋራው ይለቃል። እስከዚህ ድረስ ሕፃን ልጅም ይረዳዋል። ጉዱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ጉድ የቅጣቱ አከፋፈል ነው። በስኑከር ያጠፋ ሰው ከነጥቡ አይቀነስበትም፤ ቅጣቱ ለባላጋራው ይጨመርለታል። መቀጮው ከ4 አያንስም፣ ከ7 አይበልጥም። ቀዩን መምታት ሲገባው ባዶ ጨርቅ የመታ 4 ይከፍላል፤ ቀዩን ትቶ ጥቁሩን አስቀድሞ የነካ ግን 7 ይከፍላል። ከሁሉ የሚያስቀው ይህ ነው፤ ተጫዋቹ ቀይ አግብቶ የሚቀጥለውን ቀለም ገና ሳይመርጥ የሸሚዙ እጅጌ አንዱን ኳስ ቢነካ መቀጮው 7 ነው። የትኛውን ቀለም ሊመታ እንዳሰበ ስላልታወቀ ሕጉ ከሁሉ ውዱን ይቈጥርበታል። ኳስ በሚመታበት ጊዜ ሁለቱም እግሮቹ ከወለሉ የተነሡ እንደ ሆነም ጥፋት ነው፤ ቢያንስ አንድ እግር መሬት መርገጥ አለበት። ቁመቱ አጭር የሆነ ሰው ይህን ሕግ ሲሰማ ማዘኑ አይቀርም፤ ነገር ግን ማራዘሚያ መደገፊያ ስለ ተፈቀደለት ሕጉ ጨርሶ አልጨከነበትም።

ሁለተኛው ጉድ የዕድል ጉዳይ ነው። ተጫዋቹ አንዱን ቀይ አልሞ ሌላው ቀይ ሳያስበው ቢገባ ነጥቡ ይቈጠርለታል። በአንድ ምት ሁለት ቀይ ቢያገባ 2 ነጥብ ያገኛል። ጨዋው ተጫዋች ግን እንዲህ ያለ ሲሳይ ሲያጋጥመው እጁን አንሥቶ ባላጋራውን ይቅርታ የመጠየቅ ልማድ አለው፤ ነጥቡን ይወስዳል፣ ምስጋናውን አይወስድም። በአንጻሩ ደግሞ ከቀዳዳው አፋፍ ላይ ቆሞ የነበረ ኳስ ማንም ሳይመታው በራሱ ቢወድቅ አይቈጠርም፤ ዳኛው አውጥቶ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። እንግዲህ በዚህ ሕግ ዕድል የሚፈቀደው በሥራ በኩል ሲመጣ ብቻ ነው ማለት ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አንዱ «ታዲያ ሎተሪ በስኑከር ሕግ አይቈጠርም ማለት ነዋ!» ብሎ ክፍሉን አሳቀው።

ሦስተኛው «ነፃ ኳስ» የሚባለው ነው። አንዱ ተጫዋች አጥፍቶ ሳለ ነጩ ኳስ ከሌላ ኳስ ጀርባ ተደብቆ፣ ባላጋራው ሊመታው የሚገባውን ኳስ በሚገባ ለማየት ተጋርዶበት ቢቀር ምን ይደረጋል? ጥፋተኛው በጥፋቱ ተጠቀመ ማለት አይደለምን? ሕጉ ይህን አይፈቅድም። ተበዳዩ በጠረጴዛው ላይ ካሉት ኳሶች የወደደውን መርጦ «ይህን እንደ ቀይ እመታዋለሁ» ለማለት ይችላል፤ ቢያገባው እንደ ቀይ 1 ነጥብ ይታሰብለታል። ወይም ደግሞ «ያበላሸኸውን ራስህ ተወጣው» ብሎ ባላጋራውን እንደ ገና እንዲጫወት ያደርገዋል። ብዙ የመንግሥት ደንብ ያጠፋውን ቀጥቶ ይበቃኛል ይላል፤ የተበደለው እንዴት ይካስ የሚለውን ይዘነጋል። ይህ የጨዋታ ደንብ ግን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይፈጽማል።

ከዚህ ነፃ ኳስ የተነሣ አንድ የሚያስደንቅ ሒሳብ ይወለዳል። አንድ ተጫዋች በአንድ ተራ ሳያቋርጥ ሊያገኝ የሚችለው ከፍተኛ ነጥብ 147 ነው ይባላል። 15 ቀይ 15 ነጥብ፣ በእያንዳንዱ ቀይ ጀርባ ጥቁሩን ቢያገባ 105 ነጥብ፣ በመጨረሻ ስድስቱ ቀለሞች 27 ነጥብ፤ ድምሩ 147 ይሆናል። ይሁን እንጂ አንድም ቀይ ሳይገባ ባላጋራው ቢያጠፋና ነፃ ኳስ ቢገኝ፣ ያ ኳስ እንደ አሥራ ስድስተኛ ቀይ ይቈጠራል። 1 ነጥብ ለእርሱ፣ 7 ነጥብ ለጥቁሩ፣ በአጠቃላይ 8 ይጨመርና ጣሪያው 155 ይሆናል። ነገሩ የአስተማሪ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በ2004 ዓ.ም. ጄሚ በርኔት የሚባለው የስኮትላንድ ተጫዋች በእንግሊዝ ሻምፒዮና ማጣሪያ ላይ በዚሁ መንገድ 148 ነጥብ አስመዝግቧል። በሙያው ውድድር ከ147 በላይ ሲገኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

የ147 ነገር ከተነሣ የጆን ስፔንሰርን ዕጣ ሳልናገር አላልፍም። ይህ ሰው ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የነበረ እንግሊዛዊ ነው። በ1979 ዓ.ም. በአንድ ውድድር ላይ አንድም ሳይስት 147ቱን ነጥብ አሟላ። ነገር ግን የጠረጴዛው ቀዳዳዎች ከተወሰነው ልክ የሰፉ ስለ ነበሩ ውጤቱ በይፋ ሳይመዘገብለት ቀረ። ሦስት ዓመት አልፎ በ1982 ዓ.ም. ስቲቭ ዴቪስ በኦልደም ከተማ በቴሌቪዥን የታየውን የመጀመሪያውን 147 ሲያገኝ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይመለከት የነበረው ባላጋራ ይኸው ስፔንሰር ነበር። ቀዳዳውን ያሰፋው ስፔንሰር አልነበረም፤ ሕጉ ግን መለኪያውን እንጂ ሰውየውን አያይም። ይህ ፍትሕ ነው ወይስ ጭካኔ? እኔ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ ወደዚህ ጥያቄ ኋላ እንመለስበታለን።

አራተኛው ጉድ የተሸነፈው ሰው አለመሸነፉ ነው። በእግር ኳስ አምስት ለባዶ የተመራ ቡድን በቀረችው አንዲት ደቂቃ ተስፋ የለውም። በስኑከር ግን በጠረጴዛው ላይ ሮዙና ጥቁሩ ብቻ ቀርተው፣ ማለትም 13 ነጥብ ብቻ ቀርቶ፣ በ16 ነጥብ የተመራ ሰው ገና መንገድ አለው። ነጩን ኳስ ከጥቁሩ ጀርባ ይደብቅና ባላጋራው ሮዙን እንዲስት ያደርገዋል። ያ ጥፋት 6 ነጥብ ያስገኝለታል፤ ልዩነቱ ወደ 10 ይወርዳል፤ 13ቱን ካገባ ያሸንፋል። ጥቁሩ ብቻ ሲቀር ደግሞ መጀመሪያ የገባ ነጥብ ወይም የተፈጸመ ጥፋት ጨዋታውን ይዘጋዋል። ጥቁሩ ገብቶ ነጥባቸው እኩል ቢሆን ያው ጥቁር እንደ ገና ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ማን እንደሚጀምር በዕጣ ይለያል፤ ከዚያ በኋላ ያገባ ያሸንፋል፣ ያጠፋ ይሸነፋል። ሌሊቱን ሙሉ የተለፋበት ሁሉ በአንድ ኳስ ላይ ይንጠለጠላል።

በዓለም ከታዩት እንዲህ ያሉ ሰዓቶች ሁሉ የሚልቀው በ1985 ዓ.ም. በሼፊልድ ከተማ፣ ክሩሲብል በሚባለው ቲያትር ቤት የተደረገው የፍጻሜ ግጥሚያ ነው። ቀድሞ 18 ዙር ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። በአንድ ወገን ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ስቲቭ ዴቪስ፣ በሌላው ወገን ትልቅ መነጽር የሚያደርገው የሰሜን አየርላንዱ ዴኒስ ቴይለር ቆመዋል። ዴቪስ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ዙሮች በተከታታይ አሸነፈ። ቴይለር ግን እየተንፏቀቀ መጥቶ 17 ለ17 አደረሰው። በመጨረሻው ዙር አራት ኳሶች ብቻ ሲቀሩ ዴቪስ 62 ለ44 ይመራ ነበር። ቴይለር ቡናማውን፣ ሰማያዊውን፣ ሮዙን አገባ፤ 62 ለ59 ሆነ፤ ጥቁሩ ብቻ ቀረ። ቴይለር ሞከረ፣ ሳተ፤ ዴቪስ ሞከረ፣ እርሱም ሳተ። በመጨረሻ ቴይለር አገባውና እንጨቱን ከራሱ በላይ አነሣ። ያ ዙር ብቻውን 68 ደቂቃ ፈጅቷል፤ እኩለ ሌሊት አልፎ ሳለ 18.5 ሚሊዮን የእንግሊዝ ተመልካች በቴሌቪዥኑ ፊት ነቅቶ ነበር። ቴይለር በሁለቱ ቀናት ግጥሚያ ለመጀመሪያ ጊዜ የመራው ያች ጥቁር ኳስ ስትገባ ነው።

ከደንቦቹ ሁሉ ለዳኛ የሚከብደው ግን «ሚስ» የሚባለው ነው። ተጫዋቹ ሊመታው የሚገባውን ኳስ ሳይነካ ቢቀር፣ ዳኛው መጠየቅ ያለበት «ሳተ ወይ?» ብቻ አይደለም፤ «የሚችለውን ያህል ሞክሯል ወይ?» ብሎም ነው። አልሞከረም ብሎ ከፈረደ፣ ባላጋራው ኳሶቹን ሁሉ ወደ ነበሩበት አስመልሶ ያንኑ ምት እንዲደግም ያስገድደዋል፤ በየጊዜውም መቀጮ ይከፍላል። ኳሱ ሙሉ ለሙሉ በግልጽ እየታየው ሦስት ጊዜ በተከታታይ የሳተ ደግሞ ዙሩን ጨርሶ ያጣል። ይህን ሕግ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ለሆነው ወዳጄ ባጫወትኩት ጊዜ ከት ብሎ ሳቀና፣ «ይህ ሕግ እኛ ዘንድ ቢመጣ ኖሮ ‹ነገ ተመለስ› የሚባል ቃል ከአማርኛ ይጠፋ ነበር» አለኝ።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልምጣ። ስኑከር ሲጫወቱ አልፎ አልፎ የሸሚዝ ቁልፍ ወይም የእጅ ጣት አንዱን ኳስ በጥቂቱ ይነካል። ኳሱ የፀጉር ያህል እንኳ ላይንቀሳቀስ ይችላል። ዳኛው በሌላ ወገን ቆሟል፤ ባላጋራው ወንበሩ ላይ ነው፤ ሕዝቡ ሩቅ ነው። በደንቡ መሠረት ዳኛው ያላየው ጥፋት የሚቀጥለው ምት ከተመታ በኋላ እንዳልተፈጸመ ይቈጠራል። ዝም ማለት ይቻላል። በዚህ ጨዋታ የቆየው ልማድ ግን ተጫዋቹ ራሱ ቀጥ ብሎ ቆሞ «ነክቻለሁ» እንዲል ነው። ይህን ሲያደርጉ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ አንዳንዱ ዙሩን፣ አንዳንዱም ግጥሚያውን በዚያች ቃል አጥቷል። የሚገርመው ግን ራሱን በማጋለጡ መቀጮው በአንድ ነጥብ እንኳ አይቀነስለትም። ዳኛው የያዘውም፣ ራሱ የተናገረውም እኩል 4 ይከፍላሉ።

ባለፈው መንፈቀ ዓመት ፈተና ከተፈጸመ በኋላ፣ ገና ወረቀቱን ሳላርም፣ ከ10ኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንዱ ወደ መምህራን ክፍል መጣ። ጠባዩ ዝምተኛ፣ ሒሳቡም መካከለኛ የሆነ ልጅ ነው። «መምህር፣ ደወሉ ከተደወለ በኋላ ወረቀቱ እስኪሰበሰብ ሁለት መልስ ጽፌአለሁ። ማንም አላየኝም። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው፤ ይሰረዙልኝ» አለኝ። ወረቀቱን በፊቱ አውጥቼ አየሁት። ሁለቱም መልሶች ትክክል ነበሩ፤ በጠቅላላው 4 ነጥብ ያስገኛሉ። ቀሪውን አርሜ ስደምረው 48 ሆነ። ከእነርሱ ጋር 52 ይሆን ነበር። ማለፊያው 50 ነው።

ሌሊቱን በነገሩ ላይ ሳወጣና ሳወርድ አደርኩ። በማግሥቱ 48 ብዬ መዘገብኩ፤ ልጁንም ጠርቼ ነገርኩት። ፊቱ ጥቂት ተለዋወጠና «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ወጣ።

ያ ጸሐፊ ወዳጄ ይህን ሲሰማ እጅግ ተቈጣኝ። «አንተ ሰው ነህ ወይስ መቀጫ መኪና? እውነት በመናገሩ መሸለም ሲገባው ጣልከው! ከእንግዲህ ያ ልጅ ምን ተማረ? ዝም ያለ ያልፋል፣ የተናገረ ይወድቃል ማለትን ነው የተማረው» አለኝ። አነጋገሩ ከባድ ነበር፤ እንደ ስፔንሰር ጠረጴዛ ሁሉ የሚያሳዝን ነገር እንዳለበት አልክድም።

እኔ የመለስኩለት ግን ይህ ነው። የተናገረ ሁሉ የሚማር ከሆነ መናገር ራሱ ብልሃት ይሆናል። ነገ ሌላው ተማሪ አስቦበት ከደወሉ በኋላ ይጽፍና፣ ራሱን አጋልጦ ነጥቡንም ምስጋናውንም ይወስዳል። የስኑከሩ ተጫዋች «ነክቻለሁ» ሲል ቃሉ የሚከበረው ዋጋ ስለሚያስከፍለው ነው። ልጁ ወደ እኔ የመጣው ምሕረት ለመለመን አልነበረም፤ «ይሰረዙልኝ» ነበር ያለው። ባልሰርዛቸው ኖሮ ያን ቃሉን ቀልድ አደርግበት ነበር።

«ታዲያ ምን ተጠቀመ?» አለኝ ወዳጄ አሁንም ሳይረካ።

በዚያን ዕለት በቂ መልስ አላገኘሁለትም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን የዚያው ክፍል ተማሪዎች ለመጽሐፍ ቅጂ የሚሆን ገንዘብ ለማዋጣት ተስማሙ። «ገንዘቡን ማን ይያዝ?» ብዬ ጠየቅኩ። እንዲህ ያለ ምርጫ ዘወትር ጫጫታ ያስነሣል፤ የኋላው ወንበር ከፊተኛው ይጣላል። በዚያን ቀን ግን ከሁለት ሦስት ቦታ በአንድ ጊዜ የልጁ ስም ተጠራ፤ ሌላ እጩም አልቀረበም። ነገሩን ማን እንደ ነገራቸው አላወቅሁም፤ እኔ አልነገርኳቸውም።

ዳኛ ባለበት ሁሉ ሰው ሕግ ያከብራል፤ ይህ ብዙ የሚያስመሰግን አይደለም። የማኅበራችን ሥራ አብዛኛው የሚሠራው ግን ዳኛ በሌለበት ነው። ተማሪው ብቻውን በሚያጠናበት ክፍል፣ ጸሐፊው ብቻውን በሚያገላብጠው መዝገብ፣ ገንዘብ ያዡ ብቻውን በሚቈጥረው ብር ላይ ነው። ስኑከርን የሠሩት ሰዎች ለቀዳዳው ስፋት መለኪያ፣ ለእጅጌ ንክኪ መቀጮ፣ ለስንፍና «ሚስ» አበጅተውለታል፤ ዳኛው ላላየው ነገር ግን ከተጫዋቹ አንደበት በቀር ሌላ መሣሪያ ሊያበጁለት አልቻሉም። እኛም የተሻለ መሣሪያ ያለን አይመስለኝም።

የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ፈተና ገና ነው። ልጁ አማካይ ውጤቱን ለማሟላት 52 ያስፈልገዋል። በየማክሰኞው ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለሚመጡት ሁሉ ተጨማሪ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ እርሱም ከሌሎቹ ጋር ይመጣል። ለእርሱ ብዬ የምጨምረው ነጥብ የለም፤ ጊዜዬን ግን እስኪበቃው እሰጠዋለሁ፤ ይህን የሚከለክል ሕግ በየትኛውም ደንብ አላገኘሁም።